መርፌው ወረደ ማለት አንቴናው ተስተካከለ ማለት አይደለም

ይህን ያስጻፈኝ ከእናንተ ከአማተር ራዲዮ ጀማሪዎች ከአንዳችሁ የመጣ ጥያቄ ነው፦ «ቱነሩ አንድ ለአንድ አድርሶልኛል፤ ታዲያ የሚሰማኝ ሰው ለምን ጠፋ?» ይላል። ቱነር በራዲዮውና በአንቴናው መሃል ገብቶ የሚያስማማ ሳጥን ነው፤ «አንድ ለአንድ» ማለትም ወደ ራዲዮው የሚመለስ ኃይል የለም፣ የመለኪያው መርፌ ወርዷል ማለት ነው። አንቴናው ለ40 ሜትር ባንድ የተቆረጠ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 20 ሜትር ገደማ የሆነ ዳይፖል ነው፤ ማለትም መሃሉ ላይ ኬብል የሚገባበት ሁለት እኩል ሽቦ። ከትራንሲቨሩ (ከሚያስተላልፈውና ከሚቀበለው ራዲዮ) ጋር የተገናኘው በኮአክስ ኬብል ነው። ጠያቂው ልጅ የሚያስተላልፈው ግን በ20 ሜትር ባንድ፣ በ14 ሜጋኸርዝ ነው። ለጀማሪ ቱነሩን አስቀድመን ሽቦውን ወደ ኋላ ማስተማራችን ሁሌም ይቆጨኛል።

በ14 ሜጋኸርዝ ያ ሽቦ ሙሉ ሞገድ ስለሚሆን መሃሉ ላይ ያለው ኢምፔዳንስ (ለሚመጣው ኃይል የሚያሳየው ተቃውሞ) ወደ ሺዎች ኦም ያሻቅባል፤ ኮአክሱ ደግሞ 50 ኦም ነው። ቱነሩ ትራንሲቨሩን ያረጋጋል እንጂ ጣሪያ ላይ ያለውን ሽቦ አይለውጠውም። ከቱነሩ ወዲያ ባለው ኬብል ውስጥ ኃይሉ ሲመላለስ ብዙው በሙቀት ይባክናል፤ ኬብሉ በረዘመና በቀጠነ ቁጥር ይብሳል። መፍትሔው ከዚያው መሃል ላይ በየጎኑ 5 ሜትር ገደማ የሆነ፣ ለ20 ሜትር ባንድ የተቆረጠ ሌላ ጥንድ ሽቦ ማሰር ነው። የሚገርመው፣ ያው የ40 ሜትር ዳይፖል በ21 ሜጋኸርዝ ብዙም አያስቸግርም፤ እዚያ ሦስት ግማሽ ሞገድ ስለሚሆን መሃሉ ላይ ያለው ኢምፔዳንስ ዝቅ ይላል።

የዛሬ ልጆች በራሱ የሚያስተካክለውን ቱነር ቁልፍ ተጭናችሁ ሪሌዎቹ (ውስጡ ያሉት ትንንሽ ማብሪያዎች) ሲንጫጩ መስማት ትወዳላችሁ። አልፈርድባችሁም፤ ፈጣን ነው። ግን ትራንሲቨር ውስጥ የሚገጠሙት ቱነሮች አብዛኞቹ የተሠሩት ኤስደብልዩአሩ (ያ «አንድ ለአንድ» የሚባለው ልኬት) እስከ ሦስት ለአንድ ለሆነ አንቴና ነው። ከዚያ ካለፈ በእጅ የሚዞረውን ቱነር ያዙ።

ገና ሳታስተላልፉ የቱነሩን ሁለት የካፓሲተር ማዞሪያዎች መሃል ላይ አድርጉና የኮይሉን (የተጠቀለለውን ሽቦ) ማዞሪያ የመቀበያው ጫጫታ እስኪያይል ድረስ አዙሩ። ፍሪኩዌንሲው ባዶ መሆኑን አዳምጡ፣ ጠይቁ፣ የጥሪ ምልክታችሁን ስጡ። ከዚያ ከ5 እስከ 10 ዋት፣ በሲደብልዩ (በሞርስ) ወይም በኤፍኤም አስተላልፉ። በኤስኤስቢ (በተለመደው የድምፅ ማስተላለፊያ) ካልተናገራችሁ የሚወጣ ኃይል ስለሌለ፣ ስትናገሩም መርፌው ስለሚዘል አታስተካክሉበት። አምፕሊፋየር (ኃይል ማጉያ) ካላችሁ ከመስመር ይውጣ። ጥቂት ሰከንድ አስተላልፉና አሳርፉት፤ የሚመለሰው ኃይል እስኪቀንስ ካፓሲተሮቹን በየተራ አዙሩ።

እምቢ ካለ ማስተላለፉን አቁሙና ኮይሉን አንድ ደረጃ አንቀሳቅሱ። ኃይል እያለ የኮይሉን ማዞሪያ ማንቀሳቀስ ግን አይታሰብም! መገናኛው በተላቀቀበት ቅጽበት ብልጭታ ይነሳል፣ ብረቱ ይጠቁራል፣ የትራንሲቨሩ የመጨረሻ ትራንዚስተሮችም ጭነት ያጣሉ። «ትራንሲቨሩ ራሱን ይጠብቃል» ትሉኛላችሁ። አዲሶቹ ኃይል ይቀንሳሉ፤ አሮጌውን አትመኑት።

አንድ ለአንድ የሚሰጠው ቦታ ከአንድ በላይ ሊሆን ይችላል። ካፓሲተሩ የበዛበትን፣ ኮይሉ ያነሰበትን ምረጡ። አለዚያ ኮይሉ ይግላል፣ ካፓሲተሩም ሙሉ ኃይል ሲመጣ ብልጭ ይላል። ኃይሉን ስትጨምሩ መርፌው ከዘለለ ወይም «ጭስስ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ወዲያው አቁሙ። ከማስተላለፋችሁ በፊት ሽቦውን ማንም እንደማይነካ አረጋግጡ፤ 100 ዋትም ቆዳ ያቃጥላል።

በትክክል የተቆረጠ ዳይፖል ቱነር አያስፈልገውም። ይህን እያልኩም ለ80 ሜትር ባንድ ያለ ቱነር አልቀመጥም፤ ባንዱ ሰፊ ነው፣ አንዱ ጫፍ ሲገጥም ሌላው ይርቃል።

ለየባንዱ ማዞሪያዎቹ የቆሙበትን ቁጥር በወረቀት ጻፉና ቱነሩ ላይ ለጥፉ። በሌላ ቀን ያው ቁጥር እምቢ ካለ ቱነሩን መነካካት ትታችሁ ውጡ፤ ማገናኛው ውስጥ ውኃ ገብቶ፣ ወይም ቅርንጫፍ ሽቦውን ነክቶት ይሆናል።