የኮረሪማ ኤክስትራክት (ዱቄቱ በፈሳሽ ተዘፍዝፎ የሚወጣው ጭማቂ) በአይጥ ልትፈትሺ ላልሽው እህት

እህቴ፣ «ኮረሪማ ለተቅማጥ ይሠራ እንደሆነና ጉዳት እንዳለው በአይጥ ልፈትሽ ነው፤ የሚበላ ነገር ስለሆነ የጉዳቱን ምርመራ ልዝለለው?» ብለሻል። እኔም ጅማ ላይ በዚሁ በኮረሪማ ነው ማስተርሴን የሠራሁት። በጀትሽ እንደኔ ከእጅ ወደ አፍ ነው ብዬ ልገምት።

1. ከሂርማታ ገበያ ገዝተሽ እንዳትወቅጪ። ገበያ ያለው የደረቀ ፍሬ ነው፤ ምድጃ ላይ ተሰቅሎ ጭስ የጠገበም አይጠፋም። ዝርያውን የሚያረጋግጥልሽ ባለሙያ ቅጠልና አበባ ይፈልጋል። የኮረሪማ አበባ ደግሞ ጫፉ ላይ አይደለም፤ ከሥሩ አጠገብ፣ መሬት ለመሬት ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሰው አትላኪ፣ ራስሽ ሂጂ። እኔ ጌራ ቡና ጫካ ውስጥ ገብቼ ከነሥሩ ቆፍሬ ነው ያመጣሁት።

2. የድጋፍ ደብዳቤ ቀድመሽ ያዢ። እዚህ ላይ ነው ያቃጠሉኝ። አንድ ቢሮ ናሙናዬን ይዤ ብገባ ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ኮረሪማ? እናቴ ቡና ላይ ትጨምረው የለ እንዴ! ምኑ ይፈተሻል?» አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ። ከዚያ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ማህተሙ ተቆልፎበታል»፣ «ነገ ነይ»። የጅማን ክረምት ታውቂዋለሽ፤ ለማድረቅ በጋዜጣ መሃል የተጫነው ተክል ጋዜጣው በየቀኑ ካልተቀየረ ይሻግታል። ጋዜጣውን በካውያ እያሞቅኩ ነው ያተረፍኩት። በመጨረሻ የሄርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ማስቀመጫ) ቁጥሬን፣ የናሙናዬን መለያ ማለት ነው፣ ተቀበልኩ፤ ያ ሰውዬ ዛሬም ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። ቁጥሩ ቀልድ አይደለም። አንድ የክፍል ጓደኛዬ «በኋላ አመጣዋለሁ» ብሎ ዱቄቱን ጨረሰ። ጆርናሉ «የትኛው ተክል እንደሆነ በምን እንወቅ?» ብሎ መለሰበት። አይጡም ብሩም አልቆ ነበር።

3. የጉዳቱን ምርመራ አትዝለይ። ወጥ ላይ የሚገባው ቁንጥር ነው። በኦኢሲዲ (OECD) መመሪያ 425፣ አንድ ጊዜ በአፍ ተሰጥቶ ጉዳት የሚታይበት ዓለም አቀፍ የምርመራ መመሪያ ነው፣ የምትሰጪው በኪሎ 2000 ሚሊግራም ነው፤ 25 ግራም ለምትመዝን አይጥ 50 ሚሊግራም። በክብደት ብቻ ካሰላሽው 60 ኪሎ ለሆነ ሰው 120 ግራም ኤክስትራክት ማለት ነው። ማን ነው ይህን ወጥ ላይ የሚጨምረው? መጀመሪያ ለአንዲት ሴት አይጥ ስጪ፣ ከተረፈች ለአራት ሌሎች በየተራ፤ ከዚያ 14 ቀን ክትትል። ባይሞቱም «በየቀኑ ቢወሰድ አይጎዳም» ብለሽ እንዳትጽፊ። እሱ ለ28 ቀን በየቀኑ እየተሰጠ የሚታይበት የሌላው የኦኢሲዲ መመሪያ፣ የ407 ጉዳይ ነው። ፈታኜ በዚህ ሊይዘኝ ፈልጎ ነበር፤ ገና ሳይጨርስ መለስኩለት።

4. ዱቄቱን የምትዘፈዝፊበትን ፈሳሽ አድቫይዘርሽ 80 በመቶ ሜታኖል (የአልኮል ዓይነት) ይልሻል፤ ብዙው ሰው የሚሠራው በሱ ነው። ሰው ቤቱ አፍልቶ የሚጠጣው ግን በውሃ ነውና የውሃውንም ጨምሪ። የሜታኖሉ ወፍራም ስለሆነ በአይጧ አፍ የምትሰጪበትን መርፌ ይደፍናል፣ በ2 በመቶ ትዊን 80 (ከውሃ ጋር እንዲቀላቀል የሚረዳ ፈሳሽ) በጥብጪው። መድኃኒት ለማይወስደው ቡድንም ያንኑ ትዊን ስጪ፤ አለዚያ ልዩነቱ ከኮረሪማው ይሁን ከትዊኑ አይታወቅም። ተቅማጥ የምታስነሺበትን የጉሎ ዘይት ደግሞ ከፋርማሲ ግዢ። ለፀጉር ተብሎ የሚሸጠው ሌላ ዘይት ሊደባለቅበት ይችላል።