«ጊዜ ያለፈበት» የሚባለው ምኑ ነው?

ጥያቄ፦ የመሥሪያ ቤታችንን ንብረት ስመዘግብ ለታይፕራይተሩም፣ ለተሰበረው ወንበርም፣ ለቆየው መድኃኒትም «ጊዜ ያለፈበት» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ አርሚ ብለው መለሱልኝ። ምን ልበል?

መልስ፦ አለቃዎ ልክ ናቸው። ታይፕራይተሩ ደህና ቢመታም ሥራውን ኮምፒውተር ስለወሰደበት «ጊዜ ያለፈበት» ነው፤ አነጋገሩ ዕቃው ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን አይነካም። ወንበሩን በቀጥታ «የተሰበረ» ይበሉት። ለመድኃኒቱ «የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበት» ብለው ሙሉውን ይጻፉ፤ ያለዚያ አንባቢ «በአዲስ መድኃኒት የተተካ» ብሎ ሊረዳው ይችላል።

ብዙ ሰው የሚስተው የቃሉን መጨረሻ ነው። «ያለፈበት» ላይ ያለችው «በት» ከዕቃው ጋር መስማማት አለባት፦ ጊዜ ያለፈበት አሠራር፣ ጊዜ ያለፈባት መኪና፣ ጊዜ ያለፈባቸው ማሽኖች። «ጊዜ ያለፈበት ማሽኖች» ስህተት ነው፤ በየማስታወቂያው ግን ሞልቷል።

«ያረጀ ያፈጀ» ንቀት ስላለበት ለንብረት መዝገብ አይሆንም። የሚያምርበት አስተሳሰብ ወይም ሥርዓት ሲነቀፍ ነው። ሲበዛም ሁለቱም አብረው ይበዛሉ፦ «ያረጁ ያፈጁ ሕጎች» እንጂ «ያረጀ ያፈጁ» አይባልም። ለሰውማ ባይሞክሩት ይሻላል፤ «በዕድሜ የገፉ» አለልዎት።

«ያገለገለ» ሌላ ነገር ነው። ያገለገለ መኪና ሞዴሉ ገና ከገበያ ያልወጣ ሊሆን ይችላል። «ጥንታዊ» ደግሞ ክብር ስላለበት ለብራና መጽሐፍ እንጂ ለፋክስ ማሽን አይሰጥም።