መልስ፦ ከግድቡ አጠገብ ያለው ደለል እርሳስ ለምን በዛበት?

በደለሉ ውስጥ ያለው እርሳስና ዚንክ ወንዙ ወደ ግድቡ ሐይቅ ከሚገባበት ቦታ ይልቅ ግድቡ አጠገብ መብዛቱ ብቻውን እዚያ የብክለት ምንጭ አለ አያሰኝም። አሸዋው መግቢያው ላይ ይቀራል፤ ደቃቁ ጭቃ እስከ ግድቡ ይዘልቃል፣ ብረቶቹ ደግሞ በብዛት የሚጣበቁት በደቃቁ ላይ ነው።

1. ከመግቢያውና ከግድቡ አጠገብ የወሰድካቸውን ሁለቱንም የደለል ናሙናዎች በ63 ማይክሮን (0.063 ሚሊሜትር) ወንፊት ንፋና ያለፈውን ብቻ ለካ። ወንፊቱ የናይለን ይሁን፤ የናስ ከሆነ መዳብና ዚንክ ይጨምርብሃል።
2. የየብረቱን መጠን በዚያው ናሙና ውስጥ ላለው የአሉሚኒየም መጠን አካፍል፤ አሉሚኒየም ናሙናው ምን ያህል ደቃቅ ጭቃ እንዳለው ያመለክታል። ውጤቱ ከተቀራረበ ልዩነቱን ያመጣው በዋናነት የቅንጣቱ መጠን ነው። ሁለቱም ናሙናዎች በአንድ ዓይነት አሲድ መሟሟት አለባቸው፤ አለዚያ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም።

ሜርኩሪም የምትለካ ከሆነ ናሙናውን በ105 ዲግሪ እንዳታደርቅ፣ ተንኖ ያመልጥሃል። ከ40 ዲግሪ አታሳልፍ።