ቡችላዋ አበባ ለምታኝክባት እህቴ፦ ትውከቱን እንዳታጥቢ

ሰላም እህቴ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር አዲስ ቤት ገብተሽ፣ የሦስት ወር ቡችላሽ ያገኘችውን ቅጠል ሁሉ እያኘከች አስቸግራሽ፣ «ከዲፈንባኪያው፣ ከፖቶሱና ከእሬቱ የቱን ላስወግድ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁ። አቦ፣ እኔ በዚህ ነገር ተቃጥያለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

1. ሳሎኑን ተዪውና በረንዳሽን እዪ። ድሬ ውስጥ አበባው በረንዳ ላይ ነው፤ ውሻውም ሙቀት ሸሽቶ የሚተኛው እዚያው ጥላ ሥር ነው። ባለቤቴ የበረሃ ጽጌረዳ የሚሉትን ትወዳለች። ግንዱ ከሥሩ እንደ ጀሪካን ያበጠ፣ አበባው ሮዝ የሆነውን ማለቴ ነው። ከከተማ ወጣ ስትዪ በረሃው ላይ በራሱ ይበቅላል። ብዙ ውሃ አይፈልግም፣ ፀሐይ አይበግረውም። ሲቆረጥ የሚወጣው ፈሳሽ መርዝ መሆኑን ግን የነገረን የለም። አፍሪካ ውስጥ አዳኞች የቀስት ጫፍ ይቀቡበት የነበረ ነገር ነው። የሚይዘው ልብን ነው። ለአጥር የሚተከለው ኦሊያንደርም የዚሁ ዘመድ ነው፤ የደረቀ ቅጠሉና የተቀመጠበት ውሃ ሳይቀር ይመርዛል።

2. ስትከረክሚ ቁራጩን መሬት ላይ አትተዪ። ይቺን የምጽፈው ባለቤቴ ይሄን ግሩፕ ስለማታነብ ነው።

3. ትውከቱን እንዳታጥቢ። የኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነው።

ቀን ስምንት ሰዓት ነው። ድሬ በስምንት ሰዓት ምን እንደምትመስል ታውቂያለሽ፤ ሱቁ ዝግ፣ ሰዉ ወይ ተኝቷል ወይ በርጫ ላይ ነው። ውሻዬ ቦቢ በረንዳው ላይ አስመለሰ። እኔም ዝንብ ሳይሰበሰብ ብዬ በጎማ ውሃ ለቀቅኩበት። ውሃው ወደ ቦዩ ሲወርድ አረንጓዴ ቁርጥራጭና ሮዝ ነገር አብሮ ሲሄድ አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ።

ጎረቤታችን እትዬ «መርዝ ነው፣ ወተት ስጠው» አሉ። ለሆጃ፣ በወተት ለሚፈላው መጠጥ፣ የተቀመጠውን ወተት በሙሉ ጋትኩት። መልሶ አወጣው። ሌላው ጎረቤት ደግሞ «ጨው በውሃ በጥብጥለት» አለ። እንኳን አልሰማሁት፤ የጨው ውሃ ራሱ ውሻ ሊገድል ይችላል። እንዲህ ስንል አንድ ሰዓት አለፈ።

የመጀመሪያው ባጃጅ ውሻውን ሲያይ ነዳ። ሁለተኛው «ማዳበሪያ ካነጠፍክ» አለኝ፣ ሒሳቡን ግን እጥፍ አደረገው።

የሄድኩበትን የእንስሳት ክሊኒክ ስም አልጠራም። ዘበኛው «አሥር ሰዓት ና» አለኝ። በር ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ካርድ የምትጽፈው ልጅ መጣችና ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ውሻ ከሆነ እኛ ጋ ያለው የእብድ ውሻ ክትባት ብቻ ነው» አለች። እየታመመ ነው ስላት «ተራህን ጠብቅ!» ከፊቴ ሁለት ፍየልና አንድ አህያ አለ። የቦቢ እግር እየታጠፈ ነው፣ ድዱ ነጭ ሆኗል። በመጨረሻ ካርዱ ላይ «የእንስሳው ዓይነት፦ ፍየል» ብላ ጻፈች። ውሻ የሚል ቦታ የለውም አለችኝ። ካርዱ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ሐኪሙ ግን ጨዋ ሰው ነው። «ምን በላ?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት። አየሽ? መልሱን በጎማ አጥቤ ቦይ ውስጥ ለቅቄዋለሁ። እሱም ሰው ሁሉ የሚገምተውን የአይጥ መርዝ ገመተ፤ መድኃኒቱንም ለዚያው ማዘጋጀት ጀመረ። ከዚያ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ የቦቢን ልብ አዳመጠ። ቆይቶ ደግሞ አዳመጠ። «ይሄ ልብ ይዘገያል፣ ይዘላል። ቤታችሁ ምን አበባ አለ?» ሮዙ ነገር ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ለባለቤቴ ደወልኩላት፣ ፎቶ ላከች። ከተቆረጠው ቅርንጫፍ ግማሹ የለም፤ ቀሪው ላይ ጥርስ አለበት።

ሐኪሙ ለመርዝ የሚሰጠውን ጥቁር የከሰል ዱቄት ከፋርማሲ አስመጥቶ በጥንቃቄ አስጠጣው። ግሉኮስ ሰካለት፣ ለልቡ አትሮፒን ወጋው። ከሰሉን ቤት ውስጥ ልሞክር እንዳትዪ፤ የደከመ ውሻ ሳንባው ውስጥ ሊገባበት ይችላል። የምድጃ ከሰል ደግሞ ጭራሽ አይደለም። ቦቢ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። በአራተኛው ቀን የግራ ጫማዬን በላ።

እና አንቺም ቅጠሉን ወይም ትውከቱን በፌስታል ቋጥረሽ ይዘሽ ሂጂ። ቢያንስ ፎቶ አንሺ። የሐኪሙን ስልክ ደግሞ ዛሬውኑ ያዢ፣ በስምንት ሰዓት አይገኝም።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ዲፈንባኪያና ፖቶስ አፍ ነው የሚያቃጥሉት፤ ለሃጯ ይዝረከረካል፣ ምላሷ ሊያብጥ ይችላል። አፏን በውሃ እጠቢላት። እዚህ ላይ ትንሽ ወተት ወይም እርጎ ያበርዳል፤ እትዬም ልክ የሚሆኑት ለዚህ ነው። መተንፈስ ካቃታት ግን ሩጪ። እሬት ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። ሦስቱንም ከጣሪያ ማንጠልጠል ትችያለሽ፤ የሚረግፈውን ቅጠል መጥረግ ግን ያንቺ ሥራ ነው። ግቢሽ ውስጥ ጉሎ ካለ ፍሬው ሳይረግፍ ንቀዪው። አጥርሽ ቅንጭብ ከሆነ ወተቱ ዓይኗ ውስጥ እንዳይገባ።

ዘንባባ የሚመስለው ሳይከስ ካለሽ ግን ድርድር የለም፣ ይውጣ። ጉበት ነው የሚያጠፋው፣ ፍሬው ደግሞ ይብሳል። ካስመለሳት በኋላ የተሻላት ትመስልሻለች፤ ጉበቷ ግን ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ነው የሚያሳየው። አረንጓዴ ካማረሽ ስፓይደር ፕላንት ትከዪ። ቦቢ በየሳምንቱ ይግጠዋል፣ ምንም አልሆነም።

የበረሃ ጽጌረዳው ሐረር፣ የባለቤቴ ወንድም ቤት ተልኳል። እዚያ ብርዱ አልተስማማውም መሰለኝ፣ ከሄደ ወዲህ አላበበም። እሷ ደግሞ በሄደች ቁጥር ታየውና ተኮሳትራ ትመለሳለች። ጥፋቱ የኔ ነው አሉ።