«ትከሻዬ ሲነቃነቅ ወንድሜን የከዳሁት ይመስለኛል»

ጥያቄ፦ የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ታላቅ ወንድሜ በመኪና አደጋ ካረፈ ዓመት ከሦስት ወር ሆነው። የቀበሌያችን ኪነት ውስጥ ይጨፍር ነበር፤ እስክስታ ያስተማረኝም እሱ ነው። ጭንቅላቴ ላይ የቡና ሲኒ ያስቀምጥና «ትከሻሽ ብቻ ይሥራ፤ ሲኒው ከወደቀ እንደገና» ይለኝ ነበር። ስድስት ሲኒ ጨርሰናል፤ እናቴ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣችም። ከፋሲካ በኋላ የታናሽ እህቴ ሠርግ ነው። ባለፈው ሳምንት ባጃጅ ውስጥ ዘፈን ሲከፈት ትከሻዬ ሳላዘው ተነቃነቀ። ወርጄ አለቀስኩ። እናቴ ጥቁሯን አላወለቀችም፤ ሬዲዮም አታስከፍትም። ሠርጉ ላይ ብጨፍር ረሳሁት ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ደብዳቤሽ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት «ሳላዘው» ያልሽውን ነው። እውነትሽን ነው፣ አላዘዝሽውም። ሰውነት ደጋግሞ የለመደውን እንቅስቃሴ የሚይዘው ስምና ቀን በምናስታውስበት መንገድ አይደለም። እናንተ ከተማ ብስክሌት የማይነዳ ስለሌለ ታውቂዋለሽ፦ ስንት ዓመት ትተሽው ብትወጪበት እግርሽ አይጠፋውም። ያን ቀንም ትከሻሽ ምቱን ሲሰማ የተማረውን መለሰ። ያስተማረው ደግሞ ወንድምሽ ነው። እኔ ይሄን መርሳት አልለውም።

ክህደት የመሰለሽ ለምን እንደሆነ ይገባኛል። እኛ ዘንድ ሐዘን በልብስ፣ በፀጉር፣ ዘፈን በመተው ይታያል። ይህን አላቃልልም፤ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ ለሐዘንተኛ መያዣ ናቸው። ግን ይኸው ባህል ሐዘንተኛን እጅሽን አጣጥፈሽ ተቀመጪ አላላትም። ለቅሶ ላይ ደረት ይመታል፤ የሟች ፎቶና ልብስ ተይዞ ይዘለላል፤ አልቃሿ በግጥም ታስለቅሳለች። ሰውነት ሐዘኑን የሚያወጣበት ቦታ ድሮም ነበረው።

ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባቀረቡት አስተሳሰብ፣ ሐዘንተኛ ከእንባ ተነስቶ በቀጥታ ወደ መጽናናት አይሄድም፤ በሐዘኑና በዕለት ኑሮው መካከል ይመላለሳል። ጠዋት ፎቶ ይዞ ያለቀሰ ሰው ከሰዓት የዘይት ዋጋ ይከራከራል፤ ማታ ደግሞ ያለቅሳል። ሠርጉ ላይም እስክስታውና እንባው በአንድ ምሽት ሊመጡብሽ ይችላሉ። ከመጡ ወጣ ብለሽ ፊትሽን ታጠቢ፤ መመለስ ካልፈለግሽ አትመለሺ። አንዷ ዘመድ «ሠርግ ነው፣ ቻይው እንጂ» ማለቷ አይቀርም። እኔ «ቻይው» የሚለውን ቃል አልወደውም፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው ተናጋሪውን ነው።

እስከዚያ ድረስ ትከሻሽን አትሸሺው። ቤት ውስጥ ብቻሽን ስትሆኚ አንድ ዘፈን፣ እሱ የሚወደውን፣ እስከ መጨረሻው ስሚ። መነሳት የለብሽም። በሌላ ቀን ደግሞ ተነሺ። የመጀመሪያው ጊዜ ሦስት መቶ ሰው ፊት፣ ካሜራ ተደቅኖብሽ ባይሆን ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ሥራሽን ትሠሪያለሽ? እንቅልፍ፣ ምግብ እንዴት ነው? ናፍቆቱ ዓመት አልፎትም በየቀኑ ማለት ይቻላል ኑሮሽን የሚያስቆም ከሆነ፣ ወይም ተከትዬው ልሂድ የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ሠርጉን ሳትጠብቂ በአቅራቢያሽ ሆስፒታል ያለ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አነጋግሪ። በጻፍሽልኝ ውስጥ ግን ይህን አላየሁም።

የበለጠ ያሳሰበኝ እናትሽ ናት። ሬዲዮ የምታዘጋው ዘፈን ጠልታ አይመስለኝም፤ ስድስት ሲኒ ሲሰበርባት ዝም ያለች እናት እኮ ናት። ወንድምሽ እያለ በዚያ ቤት ያለዘፈን የኖረ ማንም የለም፣ እሷም ጭምር። «ብጨፍር ቅር ይልሻል?» ብለሽ አትጀምሪላት፤ ከባድ ውሳኔ ትጥዪባታለሽ፣ ወይ ትከለክላለች ወይ ዋሽታ ትፈቅዳለች። ሁለታችሁ ብቻ ቡና ስትጠጡ ስለ ሲኒዎቹ አንሺባት። ለምን እንዳልተቆጣች ጠይቂያት፤ ከዚያ አንቺ ዝም በይ፣ እሷ ታውራ። በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ሁለታችሁን ስታይ ምን ታይ እንደነበር እስካሁን የጠየቃት ሰው ያለ አይመስለኝም።