እናታችሁን «አንቺ ተቀመጪ» አትበሏት

1. ምርመራውና ኢንሹራንሱ
ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር የክብደት ልምምድ ለእኛም ለወላጆቻችንም ያስፈልጋል። ከመጀመራችሁ በፊት ግፊት፣ ስኳርና ልብ ይታይ። አሜሪካ ያላችሁ፣ ወላጆቻችሁ ሜዲኬር አድቫንቴጅ (በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጥ የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ) ካላቸው ብዙዎቹ ፕላኖች የጂም ክፍያ ይሸፍናሉና ካርዱ ጀርባ ወዳለው ስልክ ደውሉ።

2. ወንዶች
ሰው ከ30 ዓመቱ በኋላ በየ10 ዓመቱ ከጡንቻው ከ3 እስከ 8 በመቶ ያጣል፤ ከ60 በኋላ ይብሳል። ቀኑን ሙሉ ታክሲ ውስጥ የሚውል ሰው ቀድሞ የሚከዳው እግሩ ነው። ጂም ሲገባ ግን የሚሮጠው ወደ ደረትና ክንድ፣ ያውም በ20 ዓመቱ ያነሳው ወደነበረው ክብደት! ትከሻው ይጎዳል፣ በዚያው ይቀራል። ጡንቻ በሳምንታት ሲበረታ ጅማት ወራት ይፈልጋል። ከእግር ጀምሩ። 12 ጊዜ አንስታችሁ ሁለት ሦስት የሚሆን አቅም የሚተርፋችሁን ክብደት ያዙ። ስታነሱ አየር አውጡ፤ ትንፋሽ ማፈን ግፊትን በአንዴ ያሻቅበዋል።

3. ሴቶች
«ወንድ ወንድ እመስላለሁ» የሚለውን ተዉት። የሴት ቴስቶስትሮን ከወንዱ ከ10 እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። አስፈሪው ሌላ ነው፤ ካረጠች በኋላ ባሉት ከ5 እስከ 7 ዓመታት ውስጥ ሴት እስከ 20 በመቶ አጥንቷን ልታጣ ትችላለች። በእግር መሄድ ለልብ ደግ ነው፤ አጥንት ግን ካልተጫነበት አይጠነክርም። አንድ ኪሎ ዳምቤል 50 ጊዜ ብታወዛውዙም አይሰማውም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት እንዳሳየው፣ አጥንታቸው የሳሳ ያረጡ ሴቶች በሳምንት 2 ቀን ለ30 ደቂቃ፣ ለ8 ወር በባለሙያ ክትትል ከባድ ክብደት አንስተው የወገብ አጥንታቸው ጥግግት 3 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ቤታቸው ቀላል እንቅስቃሴ የሠሩት ቀንሶባቸዋል።

4. ከአገር ያመጣናቸው ወላጆች
እዚህ ላይ ነው የምቆጣው። እናት አገር ቤት ሳለች በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቡና ታፈላለች፤ ለውኃው ትነሳለች፣ ለከሰሉ ትነሳለች፣ እንግዳ ሲገባ ትነሳለች። ቁጭ ብድግ ማለት ይሄው ነበር! እኛ አምጥተን ሰመጥ ያለ ሶፋ ላይ አስቀመጥናት፣ ሪሞት ሰጠናት፣ «እማዬ፣ ዕረፊ» አልናት። በዓመቱ እጇን ሳትደግፍ መነሳት ያቅታታል፤ «እርጅና ነው» እንላለን። እርጅና ብቻ አይደለም። ስንቶቹን በአክብሮት አዳከምናቸው!

ዛሬውኑ ለኩ። የወጥ ቤት ወንበር ግድግዳ አስደግፉ፤ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ተነስታ ትቀመጣለች? ከ65 እስከ 69 ዓመት ላለች ሴት ከ11፣ ለወንድ ከ12 ካነሰ የመውደቅ ስጋት አለ።

ከዚያ በሳምንት 2 ቀን፣ መሐሉ ላይ ዕረፍት እየሰጣችሁ ቁጭ ብድግ ከ8 እስከ 10፣ ሦስት ዙር። እጇን መደገፍ ካማራት ወንበሩ ዝቅ ብሎባታል፤ ትራስ ጨምሩ፣ ስትበረታ አውጡት። ስትቀመጥ እስከ 3 እየቆጠረች ትውረድ፤ ዱብ ካለች ግማሹ ሥራ ባከነ። ግድግዳ መግፋት፣ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ይዞ በእግር ጣት መቆም፣ በእያንዳንዱ እጅ ባለ 2 ሊትር ውኃ ይዞ ኮሪደሩን መመላለስ ይከተሉ። ቁጭ ብድጉ 12 ጊዜ ሲቀላት 2 ኪሎ የጤፍ ዱቄት ደረቷ ላይ ታቅፋ ትነሳ። ስህተቱ እዚህ ነው፤ ብዙዎች ክብደቱን ሳይጨምሩ ዓመት ይደግሙታል። «አሁንማ አለፈ» አትበሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ ጥናት ቦስተን ውስጥ ዕድሜያቸው 90 ገደማ የሆኑ አረጋውያን በ8 ሳምንት የክብደት ልምምድ የእግራቸው ጥንካሬ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል።

ኢንሱሊን የምትወስድ ከሆነ ከልምምዱ በፊት ስኳሯን ለኩ፣ ጁስ አጠገቧ ይኑር፤ የሚሠራ ጡንቻ ስኳር ይስባል።

ምግቡም ይታሰብበት። 60 ኪሎ ለምትመዝን እናት በቀን ከ60 እስከ 70 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋታል፤ ኩላሊቷ ከታመመ መጠኑን ሐኪም ይወስን። አንድ እንቁላል 6፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም አለው። በጾም ሽሮው ወፈር ይበል፣ ምስሩ ይብዛ፣ እንጀራው ይቀነስ። ቡናውን ደግሞ እሷው ታፍላው፤ በርጩማውን መልሱላት።