የቬትናምን ጦርነት ሳስተምር ክፍሉ ለሁለት ተከፈለብኝ

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ፣ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፣ 11ኛ ክፍል ነው የማስተምረው። ባለፈው ሳምንት የቬትናም ጦርነት ላይ ደርሰን፣ አሜሪካ ውስጥ ወጣቶች በግዴታ ለውትድርና ይጠሩ እንደነበርና ብዙዎች ደግሞ አደባባይ ወጥተው ይቃወሙ እንደነበር ነገርኳቸው። አንዱ ልጅ ተነስቶ "አንሄድም ያሉት ፈሪዎች ናቸው" አለ፣ አንዷ ደግሞ "ነፍሰ ገዳይ እንኳ የሄዱት ናቸው" ብላ መለሰችለት፣ ከዛ በኋላማ ክላሱን ማን ይቆጣጠረው። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ግን ዴስኩ ላይ አቀርቅራ ቀረች፣ በኋላ ስጠይቃት አባቷ ወታደር ነው። ዳይሬክተሩ "ዝለይውና ቀጥይ" አለኝ፣ እኔ መዝለል አልፈልግም። እንዴት ላስተምረው? አንቺስ ከማን ጋር ነሽ ቢሉኝስ ምን ልበል?

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ እንዳትዘይው። ልጆቹ የተጣሉት ታሪኩን ሳይሰሙ ፍርድ ውስጥ ስለገቡ ነው እንጂ ርዕሱ ስለማይቻል አይደለም። ፈሪ ነው ጀግና ነው የሚለውን ለመጨረሻው ቀን አቆይው፣ መጀመሪያ ማወቅ ያለባቸው አንድ የ19 አመት ልጅ በዛን ጊዜ ፊቱ ምን ምን መንገድ ነበረው የሚለውን ነው። (አመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምፅፍልሽ።)

እኔ ብሆን ለውትድርና ማን ቀድሞ እንደሚጠራ ከወሰነው እጣ እጀምራለሁ። ዲሴምበር 1 ቀን 1969 ዋሽንግተን ውስጥ በትልቅ መስታወት እቃ 366 ሰማያዊ የፕላስቲክ እንክብሎች ተደረጉ፣ እያንዳንዱ ውስጥ አንድ የልደት ቀን አለ፣ ህዝቡ በቴሌቪዥን እያየ አንድ በአንድ እየወጣ ተነበበ። መጀመሪያ የወጣው ሴፕቴምበር 14 ነው፣ ስለዚህ ከ1944 እስከ 1950 ባሉት አመታት በዛች ቀን የተወለደ ወንድ ሁሉ ቁጥሩ 1 ሆነ ማለት ነው። በሚቀጥለው አመት ጥሪው 195 ላይ ቆመ፣ 196 የደረሰው ቤቱ ቀረ። ደግሞ እንክብሎቹ በደንብ አልተደባለቁም ነበር፣ በአመቱ መጨረሻ ወራት የተወለዱት ላይ ዝቅተኛ ቁጥር በዛባቸው፣ ይሄንን የስታትስቲክስ ሰዎች ቁጥሩን አይተው ወዲያው ነው የተናገሩት። የሂሳብ አስተማሪውን ጋብዢው፣ አብራችሁ ብትሰሩት ደስ የሚል ትምህርት ይወጣዋል። ብቻ እጣውን ክፍል ውስጥ እንደ ጨዋታ እንዳታወጪው፣ የሚስቅ ይኖራል፣ ያቺ የወታደር ልጅ ደግሞ እዛው ናት።

ከእጣው በፊት ደግሞ ኮሌጅ የገባ ልጅ ጥሪው ይተላለፍለት እንደነበር ንገሪያቸው፣ ኮሌጅ የሚገባው ማን ነው የሚለውን ራሳቸው ያስቡበት፣ የደሃና የሰራተኛ ልጅ ለምን እንደበዛ ሳትነግሪያቸው ይደርሱበታል። ግን "የሄደው ሁሉ ተገዶ ነው" ብለው እንዳይደመድሙ፣ ቬትናም ከሄዱት አብዛኞቹ ተመዝግበው የገቡ ናቸው፣ ከነሱም ውስጥ አምኖበት የሄደ አለ፣ መጠራቴ ካልቀረ ቢያንስ የጦር ክፍሌን ልምረጥ ብሎ ቀድሞ የተመዘገበም አለ። ይሄ ሲገባቸው ነው "ሄደ" የሚለው ቃል ብቻውን ምንም እንደማይነግራቸው የሚያዩት።

እምቢ ያሉትም እንደዛው ናቸው። መሀመድ አሊን ያውቁታል፣ ኤፕሪል 28 ቀን 1967 ሂውስተን ላይ ለውትድርና ስሙ ሲጠራ ወደፊት አልራመድም አለ፣ የአለም ሻምፒዮንነቱን ተነጠቀ፣ 5 አመት እስርና 10,000 ዶላር ተፈረደበት፣ ይግባኝ ብሎ እስር ቤት ባይገባም ከ3 አመት በላይ ሪንግ ውስጥ አልገባም፣ በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረለት። ያ ልጅ ፈሪ ናቸው ሲል ይሄን ሰው እያሰበ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ። ደግሞ ቶማስ ቤኔት የሚባል ልጅ ነበር፣ ሰው አልገድልም፣ መሳሪያ አልይዝም ብሎ፣ ግን በህክምና ረዳትነት ሄዶ ቁስለኛ ሲያነሳ በፌብሩዋሪ 1969 ተገደለ፣ የአሜሪካን ትልቁን የጀግንነት ሜዳይ ከሞተ በኋላ ሰጡት። እሱን የትኛው ጎራ ውስጥ ሊከቱት ነው?

የኔ ሀሳብ በአጭሩ ይሄው ነው፣ ወታደርና ተቃዋሚ ብለሽ ሰሌዳውን ለሁለት አትክፈይው። ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው ሁለቱንም የሆነው። ኤፕሪል 1971 ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮች ናቸው የተሸለሙትን ሜዳይ ኮንግረሱ ህንፃ ደጃፍ ላይ የወረወሩት። ያቺ "ነፍሰ ገዳዮች" ያለችው ልጅ ደግሞ ማይ ላይ የሚባለውን የቬትናም መንደር ነገር ሰምታ ይሆናል፣ እውነቷን ነው፣ ማርች 16 ቀን 1968 የአሜሪካ ወታደሮች እዛ መንደር ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ያልታጠቁ ሰዎች ጨፍጭፈዋል፣ አትሸፋፍኚላት። ግን በዛው ቀን ሂዩ ቶምፕሰን የሚባለው ፓይለት ሄሊኮፕተሩን በራሱ ጦር ወታደሮችና በመንደሩ ሰዎች መሀል አሳርፎ ሰው እንዳተረፈ ጨምሪላት፣ እሱም ወታደር ነው።

ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ላይ ትንሽ ቆይ በይ። ሜይ 4 ቀን 1970 ኦሃዮ ውስጥ የብሄራዊ ዘብ ወታደሮች ተማሪዎች ላይ ተኩሰው 4 ገደሉ 9 አቆሰሉ። ከሞቱት ሁለቱ ጦርነቱን የሚቃወመው ሰልፍ ውስጥ አልነበሩም፣ ከሁለቱ አንዱ እንዲያውም በዩኒቨርሲቲው የመኮንንነት ስልጠና የሚወስድ ልጅ ነበር፣ ከተኳሾቹም ብዙዎቹ ገና ወጣቶች ናቸው። ከአስራ አንድ ቀን በኋላ ሚሲሲፒ ጃክሰን ስቴት ኮሌጅ ላይ ፖሊስ ሁለት ጥቁር ወጣቶች ገደለ፣ አንደኛው የ17 አመት የሃይስኩል ተማሪ ነው። ይሄንኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፣ አንቺ እንዳትዘይው።

ቬትናሞቹን ደግሞ አደራ። ዋሽንግተን ያለው ጥቁር የመታሰቢያ ግድግዳ ላይ ከ58,000 በላይ የአሜሪካኖች ስም አለ፣ የቬትናም መንግስት በ1995 ባወጣው ቁጥር ግን 2 ሚሊዮን ገደማ ሲቪልና 1.1 ሚሊዮን ተዋጊ ነው በነሱ በኩል ያለቀው። ይሄ ቁጥር ሳይነገር ስለ አሜሪካኖች ህሊና ብቻ ሶስት ፔሬድ ማስተማር ትክክል አይመስለኝም።

ያቺን የወታደር ልጅ ከክላሱ በፊት ለብቻዋ አናግሪያት፣ ምን እንደምታስተምሪ አስቀድመሽ ንገሪያት፣ ስለ ወታደር ተናገሪ ብለሽ ግን ክፍል ፊት እንዳታቆሚያት። ለሁሉም ደግሞ ወደ ጦርነቱ የላከውን መንግስት መውቀስና የተላከውን ልጅ መውቀስ ለየቅል መሆኑን ግልፅ አድርጊ፣ ይሄን ስትሰማ ቀና የምትል ይመስለኛል።

አቋምሽን ከጠየቁሽ አትዋሺያቸው፣ ግን የመጨረሻው ቀን ላይ፣ ከነምክንያትሽ፣ ተቃራኒውን በደንብ ያስረዳ ተማሪም ሙሉ ማርክ እንደሚያገኝ ነግረሽ። ሜሪ ቤዝ ቲንከር በ13 አመቷ ጦርነቱን ተቃውማ ጥቁር ጨርቅ ክንዷ ላይ አስራ ትምህርት ቤት ሄዳ ነው ከትምህርት የታገደችው፣ በ1969 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 ፈረደላት፣ ተማሪ ትምህርት ቤት በር ላይ ሲደርስ የመናገር መብቱን ጥሎ አይገባም ብሎ። ይሄንን ለዳይሬክተሩም ንገሪው፣ የትምህርት እቅድሽን በፅሁፍ ይዘሽ ግቢ፣ ስድብ እንዴት እንደምታስቆሚ ጭምር፣ ብዙ ጊዜ የሚፈሩት ግርግሩን ነው እንጂ ትምህርቱን አይደለም።

በመጨረሻው ፔሬድ ክርክር አታዘጋጂ፣ ደብዳቤ አስፅፊያቸው። ግማሹ ክፍል 195 የደረሰው ልጅ እጣው በወጣ ማታ ለእናቱ የሚፅፈውን ይፃፍ፣ ግማሹ ደግሞ 196 የደረሰው ጓደኛው ለ195ቱ የሚፅፍለትን። ያ "ፈሪዎች" ያለውን ልጅ ሁለተኛውን ስጪው።